ለቀስተኛ ያጣችው የግብፅ ሴት

ሬሳ ያለበት ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ወጥቼ አላውቅም። ያደግኩበት አገር ልማድ ነው። የሟቹን ስም ባናውቀው እንኳ፣ በመንገድ ስናልፍ ድንኳን ተተክሎ ካየን ጎራ እንላለን፣ ጥቂት እንቀመጣለን፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንወጣለን። ይሄ ልማዴ ለንደን ውስጥ አንድ ሙዚየም አተራመሰ። ለልጅ ልጄም ጣጣ ይዞባት መጣ።

የምኖረው ቶተንሃም ነው፣ ከሴት ልጄ ጋር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አዲስ አበባ ከተረበሸችበት ሰሞን ቀጥሎ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትቀመጪም» ብላ አስመጣችኝ። እሷ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሮጥ ልጇን ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ያቺ ልጅ እዚሁ ለንደን ተወልዳ፣ የእኔ አፍ ሆና ነው ያደገችው። ሐኪማችን ጂፒው ዘንድ ስንሄድ፣ ቤቱን የሚያከራየን ካውንስል ስንሄድ፣ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ታደርሳለች። ግን እንደተናገርኩት አታደርስም ነበር። የሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቶ ከርሞ፣ ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሎኝ፣ የካውንስሉን ሰው «ንገሪው፤ የገዛ እናቱ እዚህ ላይ ብትኖር ይሄን ያህል ይተኛ ነበር ወይ?» ስል፣ እሷ አጠር ያለ ነገር ትናገራለች፣ ሰውዬውም ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሲሰደብ ፈገግ የሚል ሰው የት አለ? እንግሊዝኛዬ ጥቂት ቢሆንም «ፕሊስ» እና «ሶሪ» የሚባሉትን ለይቼ እሰማለሁ። እኔ ያላልኩትን «ፕሊስ» ስንቱ ቢሮ ውስጥ ጨምራብኛለች። የእኔ አሥር ቃል በእሷ አፍ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም ማር።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ ከብዙ «ይቅርታ፣ አልተመረጥሽም» በኋላ ሙዚየም ተቀጠረች። ቱሪስት የሚጋፋበት ዓይነት ሙዚየም አይደለም። አንድ ሀብታም ለአካባቢው ሕዝብ ትቶት የሞተው ትልቅ ቤት ነው፣ ኩሬና መናፈሻ ያለው፤ ውስጡ ያለው ዕቃ አብዛኛው የጥንት ግብፅ ነው። የእሷ ሥራ ሙዚየም ረግጠው የማያውቁትን፣ እኛን የመሰሉትን ማምጣት ነበር። ሥራው በኮንትራት ነው። የግብፁ ክፍል እየታደሰ ነበርና፣ እሱ ተከፍቶ ካማረላቸው ቋሚ እንደሚያደርጓት ኃላፊዋ ፍንጭ ሰጥታታለች። ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እናቷ ስለት ተስላለች።

እንግዲህ አንድ ቀን እኔን፣ ወዳጄንና ጥቂት እናቶችን ይዛን ሄደች። ወዳጄ የወሎ ሴት ናት፣ ሙስሊም፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ። እኔና እሷ ስንገናኝ ሥራችን መላከፍ ነው።

ገንቦ አየን፣ ዶቃ አየን፣ ከእንጨት የተቀረጸች ድመት አየን። ሁሉም ከመስተዋት ኋላ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዕቃ እዚህ ምን አመጣው?» አልኳት።

«ሰውዬው የሳሙና ፋብሪካ ነበረው፣ እማማ። ደረቱን ታመመና ዶክተሩ ‹ብርዱን ወር ግብፅ ክረም› አለው። ሲሄድ በጣም ላቭ አደረገው። ከዛ መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎችን ስፖንሰር አደረገ።»

«ሳሙና ሠሪ መቃብር ምን ወሰደው?» አለች ወዳጄ።

«ሬሳ ሊያጥብ ይሆናል» አልኳት።

ልጅቷ እንዳልሰማች አለፈችን። «የተገኘውን ይካፈላሉ። ግማሹ ካይሮ ይቀራል፣ ግማሹ በሳጥን ሆኖ እዚህ ይመጣል። ሊጋል ነው፣ እማማ፤ ፈቃድ ነበራቸው።»

«ፈቃዱን የሰጠ ማነው? ያኔ ግብፅን ማን ነበር የሚያዘው?»

«እኛ…» አለችና ቆመች። «ማለቴ፣ እንግሊዞች።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ገባሽበት!» ብላ ወዳጄ በሳቅ ፈረሰች።

እኔ ግን ያ «ግማሽ ግማሽ» የሚለው ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። አባቴ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር። በሬው የእሱ፣ ዘሩ የእሱ፣ ጉልበቱ የእሱ፤ መሬቱ የባላባቱ። እህሉ ሲወቃ የባላባቱ ሰው መጥቶ አውድማው ዳር ይቆማል፣ በቁና እየተሰፈረ ለሁለት ይከፈላል። ግፍ ነበር። ቢሆንም ሲካፈሉ አባቴ እዚያው አውድማው ላይ ነበር፣ ከሁለቱ ክምር አንዱ የእሱ ነበር። እዚህ ፈቃድ ሰጪውም ቆፋሪውም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። እነሱ ግማሽ ግማሽ ሲባባሉ የአገሩ ገበሬ የት ቆሞ ነበር?

የቆመበትን ቦታ ግድግዳው ላይ አገኘሁት። ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ አጠገቡ አንድ ጢማም፣ እግራቸው ሥር ውሻ፤ ከኋላቸው ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች አፈር በቅርጫት ተሸክመው። ከሥሩ ጽሑፍ አለ።

«አንብቢልኝ።»

የሀብታሙን ስም አነበበች። የጢማሙን ስም አነበበች። የውሻውን ስም አነበበች።

«የተሸከሙትስ?»

«‹ሠራተኞች› ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ውሻው ስም አለው?»

«አለው።»

«ውሻው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል» አለች ወዳጄ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ገባን። ሴትዮዋ እዚያ ናት።

ሬሳ እንዳለ ማንም አልነገረኝም። ቀለም የተቀባ ሳጥን አያለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ከወገቧ በላይ ተገልጣለች፤ ጨርቁ ወደ ታች ተጠቅልሎ ወገቧ ላይ ይጀምርና እግሯ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ይጎድላል። ፊቷ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ፀጉሯ ግን አለ። ሹሩባ ነው፣ ቀጭን፣ ሰው ተቀምጦ በጥንቃቄ የሠራው። የእግሯ ጥፍር አለ።

«ማነው የገለጣት?»

«ሰውዬው ነው፣ እማማ። እንግዳ ጠርቶ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ፈታት። ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር።»

«ስሟስ?»

«አይታወቅም። በስካን ሲያዩዋት ጥርሷን በጣም ታማ ነበር ይላሉ።»

እናቶቹ ተራ በተራ አማተቡና ሻይ ወዳለበት ወጡ። ልጅቷም ተከትላቸው ሄደች። ከመስተዋቱ ፊት አግዳሚ ወንበር አለ። እኔ ተቀመጥኩ።

«ተነሽ እንጂ» አለች ወዳጄ።

«ይቺን ትቼ?»

ወዳጄ ሴትዮዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎኔ ተቀመጠች። «ምን ብዬ ዱዓ ላድርግላት? ሃይማኖቷን አላውቅ» አለች።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። መቀመጥ ሃይማኖት የለውም።»

«እኛ ዘንድ ከፈን የለበሰን ማን ይፈታዋል? ወላሂ፣ ጠላት እንኳ አያደርገውም።» ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየች። «ያጽናችሁ የምንለውስ ለማን ነው? አንድ ዘመድ እንኳ የላት!»

በሩ ጋ አንድ ግዙፍ ዘበኛ ቆሟል። «ለሱ በያ» አለችኝ፣ ለመቀለድ። እኔ ግን ተነሥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ኮፍያውን አወለቀና «ታንክ ዩ፣ ማዳም» አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነበር፣ እኛም የደከምን ሴቶች ነን። ሁለታችንንም እንቅልፍ ወሰደን።

ስነቃ ልጅቷ የመገናኛ ራዲዮ የያዘ ሰው አስከትላ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ኩሬው ድረስ ፈልገውናል። እናቷ እርስዎ ማለትን ለትልቅ ሰው ነው ያስተማረቻት፤ እኔን ግን እርስዎ የምትለኝ ስትናደድ ብቻ ነው።

«ሲሪየስሊ፣ እማማ! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ተቀምጠናል።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ? ለምን?»

«አንቺ ልቅሶ ቤት ገብተሽ ሻይ ብቻ ጠጥተሽ ነው የምትወጪው?»

እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ኃላፊዋ ግን ነገሩን ሰምታ ደስ አላት። ስብሰባ ጠራችን። ለአዲሱ ክፍል የሽማግሌዎች ድምፅ ይቀረጻል፣ ጎብኚው ቁልፍ ተጭኖ ይሰማዋል። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አታይም ነበር። ጨምቄ ስጠይቃት ቀሪው ወጣ። በአዲሱ ክፍል ሴትዮዋ የምትቀመጠው ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ነው፣ መብራት በርቶባት፣ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሷን እንዲያይ። «ሳይሸፍኗት?» አልኳት።

«እማማ፣ ፕሊስ» አለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። «ያምራል በያቸው። ልጆች ይማሩበታል በይ። ስለ መሸፈን ግን እንዳታነሺ። ዲዛይኑ አልቋል።»

«ባነሳስ?»

«ሥራዬ ነው፣ እማማ።»

ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ ስንት ቦታ አፕላይ አድርጋ፣ ስንት ጊዜ ሻንጣዋን ሶፋው ላይ ወርውራ እንደተኛች ያየሁት እኔ ነኝ። ደግሞም ደክሞኛል። ለሊፍቱ ተጣልቻለሁ፣ ለማሞቂያው ተጣልቻለሁ፣ ባስ ላይ ሰልፍ ከሚዘል ሰው ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ። ለሞተች ሴት ደግሞ ልጣላ? ያምራል ብዬ ልመለስ ወሰንኩ።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በዚያ በምርጫው ማግስት ሰሞን፣ ጎረቤቴ ልጇ ጠፍቶባት ሆስፒታል ለሆስፒታል አብሬያት ዞሬአለሁ። አንድ ቦታ በር ከፍተው «እዩ» አሉን። በጨርቅ የተሸፈኑ ሰዎች ተጋድመዋል። ሠራተኛው የአንዱን ፊት ገለጥ ያደርጋል፤ እሷ «አይደለም» ስትል መልሶ ይሸፍናል። ሲሸፍን አይቸኩልም፣ ብርድ ልብስ የሚያለብስ ነበር የሚመስለው። ልጇ እዚያ አልነበረም፤ በኋላ በሕይወት መጣላት። ለእኔ የቀረኝ የዚያ ሰው እጅ ነው። እነዚያ ልጆች ስማቸውን የሚያውቅ በአጠገባቸው አልነበረም። ቢሆንም አይቶ ሲያበቃ ይሸፍናቸው ነበር።

የስብሰባው ቀን ብስኩት ቀርቧል፣ መቅረጫው ጠረጴዛው ላይ ነው። ኃላፊዋ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ናት፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። እኔ እንደወሰንኩት ጀመርኩ። ቤቱ ያምራል አልኩ። ገንቦዎቹም ያምራሉ አልኩ። ልጅቷ በደስታ አስተረጎመች፣ ጉንጯ ቀላ። ኃላፊዋ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ ያን ቀን ከሴትዮዋ ፊት ስንቀመጥ ምን ተሰማን?

መልሱን ዘልዬ ልሄድ ነበር። ጥያቄው ግን ቀጥተኛ ነበር፤ ቀጥታ የጠየቀኝን ሰው ዋሽቼ አላውቅም።

«ንገሪያት» አልኩ። «እኛ አገር ሬሳ አይተው ሲያበቁ ይሸፍኑታል። ገንቦውንና ዶቃውን ተካፍላችኋል፣ ይሁን። ሴትዮዋስ የማን ድርሻ ናት? እህል ናት የምትሰፈር? ልብሷን ያወለቀው የዚህ ቤት ሰው ነው። ያወለቀ ያልብስ። በር ላይም አታድርጓት፤ በር ላይ የሚደረግ ለማኝ ነው። ያን ፎቶግራፍ ደግሞ እዩት። አፈር የተሸከሙትን ሰዎች ስም ፈልጉ። ካጣችሁት የውሻውንም ፋቁት፣ እኩል ይሁኑ።»

ጨርሼ ልጅቷን አየኋት። ሁለቱን የማር ቃል ጠበቅኩ። ይሁን ብዬ ነበር፤ እኔ ተናግሬአለሁ፣ እሷ ሥራዋን ታድን።

ልጅቷ ብስኩቱን አየች። መቅረጫውን አየች። ከዚያ ጀመረች፣ አላቆመችም። «ፕሊስ» ይመጣል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ አልመጣም። «ሶሪ»ም አልነበረበትም። «ዶግ» ስትል ሰማሁ። ኃላፊዋ መጻፏን አቆመች። ወዳጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ይቺ ልጅ ዛሬ ምን በልታ ነው የመጣችው?» አለች በሹክሹክታ።

ልጅቷ ስትጨርስ ኃላፊዋ «ቬሪ ኢንተረስቲንግ» አለች። እዚህ አገር «ቬሪ ኢንተረስቲንግ» ከተባላችሁ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ስንመለስ ባሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝናብ ነው። እኔ ጠየቅኳት።

«እንደ ልማድሽ ለምን አላለሰለስሽውም?»

መስኮቱን እያየች፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን ሳለሰልስ ኖሬ ደከመኝ፣ እማማ» አለች።

ክፍሉ ተከፈተ። እኔም ሄጄ አየሁት። ሴትዮዋን በር ላይ አላደረጓትም። በስተኋላ ባለ ጓዳ መሳይ ቦታ አስቀምጠዋት ከፊቷ መጋረጃ ሰቅለዋል፤ ማየት የፈለገ ራሱ ስቦ ያያል። ልብስ አላለበሷትም፣ መስተዋቱን መክፈት ይጎዳታል አሉ። የተሸካሚዎቹን ስም አላገኙም። የውሻውን ግን አጥፍተውታል። ግድግዳው ላይ ቁልፍ አለ፣ ስጫነው የራሴ ድምፅ «ቤቱ ያምራል፣ ገንቦዎቹም ያምራሉ» ይላል። ከዚያ ጸጥ።

ልጅቷን ቋሚ አላደረጓትም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እሷንም አመስግነው ሸኟት። በእኔ አፍ ይሁን በሌላ፣ የነገረን የለም። እናቷ በእኔ ነው ብላ ብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ዓይኔን አታይም። ልጅቷ «አይደለም» ትላለች። አሁን ዌምብሊ ልብስ መደብር ትሠራለች፣ ሌሎች ሙዚየሞችም አፕላይ ታደርጋለች። እኔ የተናገርኩትን መልሼ ልዋጥ ብል አይዋጥልኝም። ልጅቷ ከሥራ መጥታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ ሳይ ግን ቀና ብዬ አላያትም።

እስካሁን እሄዳለሁ። ሁለት ባስ ነው፣ ጉልበቴ ከፈቀደ። ዘበኛው ሲያየኝ ኮፍያውን ያነሳል። አግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰዎች ይመጣሉ፣ መጋረጃውን ይስባሉ፣ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ እንደተከፈተ ትተውት ይሄዳሉ። ሁሉም። ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ የሚዘጋ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። እኔ እነሣለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እቀመጣለሁ። ደግሞ እነሣለሁ።

በቅርቡ ልጅቷ የእረፍት ቀኗ ነበርና «አብሬሽ ልሂድ» አለች። ከሥራ ከሸኟት ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ዘበኛው አቅፎ ሳማት። ቁልፉን ተጭና የእኔን ድምፅ ሰማች፣ አንዴ ብቻ። መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

አንድ ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። መጋረጃውን ሳበ፣ ለልጁ አሳየ፣ ሄደ። ሴትዮዋ ተገልጣ ቀረች፣ ያ ሹሩባዋ መብራት ላይ። እኔ ወንበሩን ተደግፌ ልነሣ ስል ጉልበቴ ተንቋቋ።

«ቁጭ በይ፣ እማማ።»

ተነሥታ ሄደች። መጋረጃውን ያዘችና ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ጫፉ ጋ ትንሽ ክፍተት ቀርታ ነበር፣ እሷንም በእጇ አገጣጠመች። ተመልሳ ተቀመጠች።

«እስከ መቼ ነው የምንቀመጠው?»

«እስኪደክመን።»

«እኔ ደክሞኛል።»

«እኔም» አልኳት።

ሌላ ሰው ገባ።